የአራስ ቤት ግድግዳ

ሰላሁን ባትሪ የሚከፍትበትን መሮ በግድግዳው ጥግ ላይ ደቅኖ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታው። መዳፍ የምታህል ጥቁር ቅርፊት ተፈነቀለችና ከመውደቋ በፊት በግራ እጁ ቀለባት። ጭዱን ነቃቅሎ ጣለ፤ አቧራዋን እፍ አለባት፤ ከዚያም የስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጎ አልጋው ላይ እግሯን ዘርግታ ለተቀመጠችው ልጁ አቀበላት።

«ይብቃሽ ግን» አላት። «ሳትወልጂ ቤቱን በልተሽ ልትጨርሺው ነው።»

«ትንሽ ውሃ ጠብ አድርግበት፣ አባዬ» አለች ጊፍቲ እየሳቀች። «ሲርስ ነው ሽታው የሚወጣው።»

ከማንቆርቆሪያው ጠብ አደረገላት። ጊፍቲ ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው፤ ጠርዙን በጥርሷ ቆረሰችና ከረሜላ እንደያዘ ልጅ ዝም አለች። ሰላሁን ቆሞ አያት፤ ደስም አለው።

ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ ሰላሁን ደስ ብሎት የሚያየው ነገር ጥቂት ነው። የሰፈሩን ሰው በሙሉ ይንቃል፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት አለው። ታክሲ ነጂዎችን የሚንቀው ባትሪያቸው ካልሞተ በስተቀር ክዳኑን ከፍተው ስለማያዩ ነው። የወረዳ ሰዎችን የሚንቀው ስብሰባ የጠሩ ቀን ሥራ የሠሩ ስለሚመስላቸው ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚንቀው ግን ወንዙ ዳር ሰላጣና ቆስጣ የምታበቅለውን መርየምን ነው። የከተማውን እጣቢ አጠጥታ ያሳደገችውን ቅጠል ተክለ ሃይማኖት ገበያ ወስዳ «የሆለታ ነው» እያለች ትሸጣለች፤ ሰላሁንም ባያት ቁጥር «ሆለታ እንዴት ሰነበተ?» ይላታል። የራሱ የባትሪ ቤት ቱቦ ከእሷ መደብ ከፍ ብሎ ወንዙ ውስጥ እንደሚፈስ ያውቃል። ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሥራ ነው።

ጊፍቲን አይንቅም። አንድ ልጁ ናት። ባሏ ቤካ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚውልበት ቀን የለውም፤ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ፅንሷ ገና ሳይገፋ ሲወርድባት ብቻዋን ነበረች። ስለዚህ ይህኛው ጸንቶላት፣ እንደ ደንቡም እናቷ ቤት ልትወልድ ስትመጣ፣ ሰላሁን ባልዲ እንኳ እንዳታነሳ ከለከላት። የምትወልድበትንም ክፍል በገዛ እጁ አዘጋጀ።

የክፍሉ ግድግዳ ተፈርፍሮ እንጨቱ ይታይ ነበር። ሰላሁን እንደ አዲስ መረገው። አፈሩን ያመጣው ከወንዙ ነው። የክረምቱ ሙላት ሲጎድል ከባትሪ ቤቱ ዝቅ ብሎ ጥቁር ደለል ትቶ ሄዷል፤ ድንጋይ የሌለው፣ የተነፋ ዱቄት የመሰለ ደለል። ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲደርቅ አንድ ስንጥቅ አላወጣም። በዚያው ሰሞን መርየም ቤቷን ለማስመረግ በመኪና የመጣ ቀይ አፈር ገዝታ ነበርና፣ ሰላሁን በሰው ፊት ሳቀባት። ወንዝ ዳር ተቀምጣ አፈር በገንዘብ የምትገዛ ሴት አይቶ እንደማያውቅ ላገኘው ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የሰላሁንን ግድግዳ ሊያይ ይመጣል፤ ሰላሁንም በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ያሳያል።

አፈሩ ጊፍቲን ያማራት ከመጣች በኋላ ነው። አንድ ቀን እናቷ ወይንሀረግ ለመጥረግ ወለሉ ላይ ውሃ ስትረጭ ግድግዳውን ነካውና ሽታው ወጣ፤ ጊፍቲም አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ተገኘች። ወይንሀረግን አልገረማትም። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት እንደሚወጣ ከእናቷ ሰምታለች፤ ራሷም ጊፍቲን ያረገዘች ጊዜ የምድጃ አፈር በልታለች። ቀደም ብሎ ጊፍቲን ያለ ወቅቱ ኮክ አምሯት ሰላሁን መርካቶን ሲያስስ ውሎ ባዶ እጁን ተመልሶ ነበር። አፈር ሲያምራት ግን ሁሉም እፎይ አሉ። አፈሩ እዚያው ነበር፤ አባቷም መሮ ነበረው።

ስኒ ማስቀመጫውን ለልጁ ትቶ ወደ ሥራው ወረደ። ባትሪ ቤቱ ከግቢው ጀርባ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ የተቀለሰች የቆርቆሮ ዳስ ናት። ሁመድ የሚባለው የሚኒባስ ሹፌር ባትሪውን ታቅፎ በር ላይ ይጠብቀው ነበር።

«ጋሼ፣ ጠዋት በሰው ግፊት ነው የተነሳሁት» አለ ሁመድ። «ለባቡሩ ብለው ልደታን ቆፋፍረውታል፣ መኪናው ቆሞ ነው የሚውለው፣ ባትሪው ምን ያድርግ?»

«ባትሪው ምንም አላደረገም። ባለቤቱ ነው የደረቀ» አለው ሰላሁን። «ማታ ና።»

ሁመድ ሲሄድ የባትሪውን ክዳኖች ከፈተ። ውስጡ የነበረውን የጠቆረ አሲድ ባልዲ ውስጥ ገለበጠው፤ ሴሎቹን አወጣና የሞተውን ለየ። እርሳሱን የሚያቀልጥበትን መጥበሻ ከሰሉ ላይ ጣደ። ባልዲውን አንስቶ ወደ ቱቦው አፍ ሊደፋ ሲል ወይንሀረግ ከግቢው ተጣራች።

«የወረዳው ስብሰባ ተጀምሯል ይላሉ። ወንዝ ዳር የሚሠራ ሁሉ ካልመጣ ስም ይመዘገባል ብለዋል።»

«ጭቃዋ መጣች በይኛ» አለ ሰላሁን። ባልዲውን መልሶ አስቀመጠው፤ መጥበሻውንም ከከሰሉ ላይ አወረደ። ስመለስ እደፋዋለሁ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

ጭቃ የሚላት ከዩኒቨርሲቲ የመጣችውን ሙፊዳን ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው ያደገችው፤ አባቷም እዚያው ልብስ ሰፊ ነው። ባለፈው በጋ የጎማ ቦት አድርጋ ወንዙ ውስጥ ስትገባ፣ ደለሉን በማንኪያ እየዛቀች በላስቲክ ስትቋጥር ሰላሁን አፋፉ ላይ ተቀምጦ ያያት ነበር። «ባንክ ነው የምታስቀምጪው ወይስ ትዳሪበታለሽ?» ብሎ ጠይቋታል። ሙፊዳ ቀና ብላ «ልመዝነው ነው፣ ጋሼ» አለችው። ሰላሁን ይህችን መልስ ወስዶ ለአንድ ሰሞን ሰፈሩን አሳቀባት። መንግሥት አስተምሮ አስተምሮ ጭቃ መዛኝ አደረጋት እያለ።

የእድሩ ቤት ሞልቶ ነበር። ከወረዳው የመጣው ፈቃደ ስለ አረንጓዴ ልማት ረጅም ንግግር አደረገ፤ የሚለውን ራሱም የሚሰማው አይመስልም ነበር። ሰው አፋሸከ። ሰላሁን ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ላለው ለሞቱማ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ሞቱማ የጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ ሰላሁን ምን ቢል ይስቃል፤ ሰላሁንም ለዚህ ነው የሚንቀው።

ከዚያ ሙፊዳ ተነሳች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ሁላችሁም የምትሉት አንድ ነገር አለ» አለች። «ክረምት ይመጣል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ቆሻሻው ታጥቦ ይሄዳል ትላላችሁ። ውሃው ይሄዳል። እርሳሱና ከፋብሪካ የሚወጣው ክሮም ግን ከውሃው ጋር አይሄዱም። ታች ይወርዳሉ፣ ከደለሉ ጋር ይቀመጣሉ። ያ ጥቁሩ፣ ደቃቁ ጭቃ ነው ይዞ የሚያስቀራቸው። ዓመት በዓመት እየጨመረ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ውሃው ጠርቶ ብታዩት አትመኑት። እኔ የምለው ጭቃውን ፍሩት ነው።»

መርየም ከሴቶቹ መሃል እጇን አወጣች። «ታዲያ እኛ አትክልቱን ምን እናድርገው?»

«ለሆለታ መልሺላቸዋ» አለ ሰላሁን ከኋላ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መርየም ዞራ አላየችውም።

ሳቁ ጣፈጠው። ከተቀመጠበት ተነሳ። ፈቃደ «ተራ ይጠበቅ» ቢልም አልሰማውም።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጸጉሬ እስኪሸብት እርሳስ ሳቀልጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይኸው ቆሜ እየሄድኩ ነው። አንቺ ደግሞ ጭቃውን ፍሩት ትይናለሽ። ጭቃው ወንዝ ውስጥ ነው፣ እኛ ቤታችን ነን። ማን ነው ጭቃ የሚበላው? እስቲ እዚህ ቤት ውስጥ ጭቃ የሚበላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።»

ሞቱማ ወንበሩን እየመታ ሳቀ። ፈቃደ ራሱ አፉን በወረቀት ሸፈነ። ሙፊዳም ፈገግ አለች፤ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና መለሰች።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ። ሕፃናት ይበላሉ፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ነው። ነፍሰ ጡሮች ይበላሉ። አፈር የሚያምራቸው አሉ፤ እናቶች ታውቁታላችሁ። እኔ ከሁሉ የምፈራው ለእነሱ ነው። እናትየዋ የዋጠችው እርሳስ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ሊያስወርዳት ይችላል። ቢወለድም የልጁን አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም።»

«እውነቷን ነው፣ ያምራል» አለች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ። «እኔ እንኳ የበኩር ልጄን ሳረግዝ።»

ሰላሁን እንደቆመ ነበር። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቷል፤ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ሞቱማ እጁን ጎትቶ ሲያስቀምጠው እንደ ጆንያ ዘፍ አለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። የሚታየው ስኒ ማስቀመጫው ነበር።

ሙፊዳን ያገኛት ውጭ፣ ታክሲ ስትጠብቅ ነው። ሰው እስኪበተን አንድ ሱቅ ጥግ ቆሞ ጠብቆ ነበር። ከእሷ ጋር ሲነጋገር ሰዎች እንዲያዩት አልፈለገም።

«አንድ የጎረቤቴ ልጅ አለች» አላት። «ነፍሰ ጡር። ያልሽውን አፈር... ትበላለች መሰለኝ።»

«ከየት የመጣ አፈር ነው?»

«ከግድግዳ። ከወንዙ ደለል የተመረገ።»

«ከወንዙ የትኛው ቦታ?»

ሰላሁን መንገዱን አየ። «ከባትሪ ቤቱ ዝቅ ብሎ።»

ሙፊዳ ቀና ብላ አየችው። ባትሪ ቤቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። «ከሰበሰብነው ሁሉ የከፋው የዚያ ቦታ ነው» አለች። «ከጀመረች ቆይታለች?»

«ከመጣች ጀምሮ ነው። በየቀኑ።»

የጎረቤት ልጅ ከሆነች ከየት እንደመጣች ሙፊዳ አልጠየቀችውም። «ዛሬውኑ ታቁም» አለች። «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ አፈር በልታለች፣ አፈሩም ባትሪ ከሚፈታበት ሥር የመጣ ነው በሉት። ግድግዳውን ስታነሱት በውሃ አርሱት፣ አቧራው እንዳይነሳ። እሷ እዚያ ቤት አትደር።»

«ልጁ ደህና ይሆናል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህችን «አላውቅም» ወስዶ ለሳምንት ይስቅባት ነበር። አሁን አንገቱን ነቅንቆ ዞረ። ቤቱ እስኪደርስ ለሰላምታ የጠራውን ሰው ሁሉ ሳያይ አለፈ።

ወይንሀረግ በር ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሰላሁን አልፏት ገባ። ጊፍቲ አልጋው ላይ ጋደም ብላ፣ ስኒ ማስቀመጫው ደረቷ ላይ ነበር። ከእጇ ነጥቆ በመስኮቱ ወረወረው፤ ሲሰበር ተሰማ።

«አባዬ?»

«አፍሽን ተጉመጥመጪ። ተነሺ፣ አሁን ተጉመጥመጪ።»

ወይንሀረግ ቢላዋውን እንደያዘች ገባች። ሰላሁን ሙፊዳ ያለችውን ነገራት፤ ስለ ማስወረዱ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ጊፍቲ ግን ሰምታለች። ወይንሀረግ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ሠላሳ ዓመት ግድም አብረው ሲኖሩ ሰላሁን ሲንቅ አይታለች፤ አንድ ቀን እንኳ መልሳ ንቃው አታውቅም ነበር። አሁን ያየችበት ዓይን አዲስ ነው።

«ይህን ግድግዳ ማን ነው የመረገው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«መርየም ቀይ አፈር ስትገዛ ማን ሳቀባት?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ።»

«ዛሬ ጠዋት በባትሪ መሮ ፈንቅሎ ማን አበላት?»

ሰላሁን የተፈነቀለውን የግድግዳ ጥግ አየ።

«እኔም አበልቻታለሁ» አለች ወይንሀረግ። «እኔ ግን አላውቅም ነበር። አንተ እርሳስህ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ። ሌላ ሰው ጋ የሚሄድ መስሎህ ነው።»

ጊፍቲ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። «ብዙ ነው የበላሁት፣ አባዬ?» ብላ ጠየቀችው።

«አላውቅም» አለ ሰላሁን።

ጊፍቲ የምታድርበት ቤት መፈለግ ነበረበት። ቤቶቹን አንድ በአንድ አሰበ። የሞቱማ ቤት በወንዙ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ራሱ ሰላሁን ነው የመከረው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። እንዲህ እያለ ሲቆጥር ከአጥሩ ጀርባ ያለችው፣ ቀይ ግድግዳ ያላት የመርየም ቤት ብቻ ቀረች። ቢቸግረው ሄደ።

መርየም በደጇ ሰላጣ በሰፊ ሳህን ታጥባ ታስር ነበር። ሲመጣ አይታ ሥራዋን አላቆመችም። የመጣበትን ሲነግራትም እጆቿ ሲያስሩ ነበር። ሰላሁን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ማረጋገጥ ፈለገ።

«ምግብ ስትሠሪ... ከዚህ አትጨምሪባትም አይደል?» አለና ወደ ሰላጣው ጠቆመ።

«ከዚህ?» መርየም ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ከዚህ በልቼ አላውቅም። ልጆቼም አያውቁትም። የቤቴን አትክልት ከገበያ ነው የምገዛው።»

«ታዲያ ለሰው እንዴት ትሸጪያለሽ?»

«አንተ እንዴት ትደፋለህ?» አለችው። «እኔ ሰላጣዬን ለሰው አበቅላለሁ፣ አንተም እርሳስህን ለሰው ትደፋለህ። ስንኖር የኖርነው እንዲህ ነው። አንተ ግን ሞኝ ነህና ተሸክመህ ቤትህ አስገባኸው።»

መርየም የታሰረውን ሰላጣ ዘንቢሏ ውስጥ አስተካክላ አስቀመጠች። ነገ ጠዋት እንደምትሸጠው ግልጽ ነበር።

«ልጅቷን አምጣት» አለች። «እሷ ምን አጠፋች።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግድግዳውን ሲያፈርስ ዋለ። እያራሰ በመሮ ይፈነቅላል፣ በአካፋ ይዝቃል፣ ጆንያ ውስጥ ይከታል። በደንብ ሠርቶት ስለነበር በቀላሉ አልለቀቀውም። ስንጥቅ የሌለው መሆኑን አሁን ረገመው። ሥራው መሃል ላይ በር ላይ ጥላ ቆመ፤ ጊፍቲ ነበረች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ነበር።

«ወይዘሮ መርየም ቤት ድረስ ይሸታል» አለች። አፏ ውሃ ሞልቶ ነበርና ዋጥ አደረገች። «አልበላም፣ አባዬ። ትንሽ ላሽትት ብቻ።»

«ሂጂ።»

«እዚህ ሆኜ ነው።»

«ሂጂ አልኩሽ፣ ጊፍቲ።»

በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው። ዕድሜዋን ሙሉ በር ዘግቶባት አያውቅም። እርምጃዋ እስኪርቅ ግንባሩን በሩ ላይ ደግፎ ቆየ። ተናድዷል። መጀመሪያ በሙፊዳ ተናደደ፣ ቀድማ ስላልነገረችው፤ ግን ቀድማ ብትነግረው የሚያደርገውን ያውቀዋል። ቀጥሎ በወይንሀረግና በአምሮት ወሬዋ፣ ቀጥሎ በመርየም። የሚናደድበት ሰው ሲያልቅበት ራሱ ቀረ። አፈረ፤ እንዲህ ያለ እፍረት ስለማያውቅ መጀመሪያ ሕመም መስሎት ደረቱን ዳበሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጆንያዎቹን በእጅ ጋሪ ጭኖ በባትሪ ቤቱ ጎን ወደ ወንዙ አፋፍ ገፋ። የሰፈሩ ሰው የማይፈልገውን ሁሉ የሚጥለው እዚያ ነው። ታች፣ ከቱቦው ዝቅ ብሎ፣ ሞቱማ ሱሪውን ሰብስቦ በአካፋ ደለል ይዝቅ ነበር።

«አንተ፣ ስብሰባው ላይ አልነበርክም?» አለው ሰላሁን።

«ነበርኩ እንጂ፣ አጠገብህ» አለ ሞቱማ። «ለገና ቤቴን ላድስ ብዬ ነው። ጨዋታህን ለሚስቴ ነግሬያት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ‹ጭቃ የሚበላ እጁን ያውጣ›።» እያለ ራሱም ሳቀ። ከዚያ ጋሪውን አየ። «ምርጊት ነው እንዴ የጫንከው? ምነው አፈረስከው? ከምትጥለው ለእኔ ስጠኝ። ያንተ ግድግዳ አልተሰነጠቀም፣ አይቼዋለሁ።»

«አልሰጥህም። መርዝ ነው።»

«ሂድ ወዲያ።»

«እውነቴን ነው። የያዝከውንም ጣለው። ልጆች አሉህ።»

ሞቱማ አካፋውን ተደግፎ ቀና አለ፤ የሚቀጥለውን ቀልድ እየጠበቀ ነበር። ሲቆይበት ፊቱ ተቀየረ። ሰላሁን ሰውን ሲንቅ የሚያደርገውን፣ አፉን በአንድ ወገን ማጣመሙን፣ ሞቱማ አፍ ላይ አየው።

«ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ» አለ ሞቱማ። «አፈሩን ለብቻህ ልትሸጠው ከሆነ እንደ ሰው ንገረኝ።» ወደ ደለሉ አጎነበሰና መዛቁን ቀጠለ።

ሰላሁን እዚያው ቆሞ አየው። መናገር የሚችለውን ነገር ሁሉ ጠዋት በእድሩ ቤት ተናግሮ ጨርሶታል፤ ሰዉም አምኖታል። ጆንያዎቹን ቢጥላቸው ሞቱማ ከመሸ በኋላ መጥቶ እንደሚወስዳቸው ያውቃል። ጋሪውን አዙሮ ወደ ባትሪ ቤቱ ገፋው።

የሁመድ አሲድ በባልዲው ውስጥ ጠዋት እንደተወው ተቀምጧል። ሰላሁን ባልዲውን አየ፣ የቱቦውን አፍ አየ። ከዚያ አንዱን ጆንያ ፈታና እርጥቡን ጭቃ በእፍኙ እየዘገነ ቱቦው ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመረ። በመሮው ጀርባ ገፋው፣ በመዶሻ መታው፣ ደግሞ ጨመረበት። ግድግዳ ላይ እንዳደረገው በመዳፉ አለሰለሰው። የቀሩትን ጆንያዎች ላዩ ላይ ደረደራቸውና በእግሩ ረገጣቸው።

እጁን እየታጠበ ሳለ ሁመድ መጣ። «ጋሼ፣ ደረሰልኝ?»

«አልደረሰም። የሞተውን ሴል ለይቼዋለሁ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ» አለ ሰላሁን። ባልዲውን አንስቶ አሲዱን ወደ ጀሪካን በጥንቃቄ ገለበጠው፤ ክዳኑን አጠበቀና ሁመድ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንተ ነው። ከባትሪህ የወጣ።»

«ምን ላድርገው?»

«ቤትህ ውሰደው።»

ሁመድ ሳቀ። ሰላሁን አልሳቀም። ሁመድ ጀሪካኑን አየ፣ በጆንያ የተዘጋውን ቱቦ አየ፣ እንደገና ሰላሁንን አየ።

«ጋሼ፣ ቤት እኮ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አለችኝ» አለ ሰላሁንና የባትሪ ቤቱን በር መቀርቀር ጀመረ።